ጃፓን ሄዶ ለመጫወትና አገር ለማየት፦ የአንድ ኪቦርዲስት መመሪያ

ኪቦርዴን ተሸክሜ ጠባቡን ደረጃ ወርጄ ምድር ቤት ያለው ላይቭ ሃውስ (ትንሽ የኮንሰርት ቤት) ስገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በሩ ጋ የቆመው ልጅ፣ ሳውንድ ማኑ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ መብራት የሚያስተካክለው፣ ሁሉም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «ኦሃዮ ጎዛይማስ» አሉኝ። ይቺን ቃል አውሮፕላን ላይ አጥንቻታለሁ። «እንደምን አደራችሁ» ናት። ሰዓቴን አየሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ? በኋላ ሲነገረኝ፣ እዚያ አገር መድረክ ላይ የሚሠራ ሰው በዕለቱ መጀመሪያ ሲገናኝ ቀንም ይሁን ማታ «እንደምን አደራችሁ» ነው የሚለው። ሥራው ሲጀመር ነው የሚነጋው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ባንዳቸው ጃፓን ለተጋበዘና ከሥራው መሀል አገሩንም ማየት ለሚፈልጉ ሙዚቀኞች ነው። እኔ ኪቦርድ ስለምጫወት ስለ ኤሌክትሪክ ትንሽ አበዛለሁ፣ ታገሡኝ። ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ ግን በፈረንጆቹ ነው። ትኬት ላይ 19:00 ብሎ የምታዩት የእኛ ምሽት አንድ ሰዓት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ጃፓን ውስጥ ትርፍ ጊዜ የሚገኘው ከወረቀት ነው። አስቀድማችሁ ጽፋችሁ የላካችሁት ነገር ሁሉ ስትደርሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ያልጻፋችሁት ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል። ያቺ የተበላች ግማሽ ቀን አገር የምታዩባት ቀን ነበረች።

1. ቪዛውንና ገንዘቡን ቀድማችሁ ጨርሱ

በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ለገንዘብ መጫወት ክልክል ነው። «አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ማን ያውቃል» የሚል ፕሮሞተር ካጋጠማችሁ በትሕትና ስልኩን ዝጉ። የሚያስፈልጋችሁ ለመድረክ ሥራ የሚሰጠው ቪዛ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። የጋበዛችሁ ወገን እዚያው ጃፓን ለኢሚግሬሽን ያመለክታል። ኢሚግሬሽኑ ካመነበት የብቁነት ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል። እናንተ ያንን ይዛችሁ ኤምባሲ ትሄዳላችሁ። ወረቀቱ የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ3 ወር ነው። ስለዚህ መዘግየትም፣ ከልክ በላይ መቸኮልም ዋጋ ያስከፍላል። እኛ ከጉዞው አራት ወር ቀደም ብለን ጀምረን ነበር፤ የተረፈን ጊዜ ያን ያህል ብዙ አልነበረም።

ጋባዡ ሙዚቀኛ መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር ይጠይቃችኋል፦ ፖስተር፣ የአልበም ሽፋን፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር። እዚህ ላይ የስም ጣጣ አለ። ፖስተሩ ላይ ያለው የመድረክ ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። የእኛ ድምፃዊ ቅጽል ስሙ ብቻ ነበር የሚታወቀው። «ይሄ ሰውዬ የታለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከመጀመሪያው አያይዙ።

ስለ ክፍያ ስትነጋገሩ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ከታክስ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ። የጃፓን ነዋሪ ላልሆነ አርቲስት ከሚከፈለው ላይ 20.42 በመቶ ይቆረጣል። 20 በመቶው የገቢ ግብር ነው። ቀሪዋ እ.ኤ.አ. በ2011 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ ለመልሶ ግንባታ የተጨመረች ናት። በ100 ሺህ የን ከተስማማችሁ እጃችሁ የሚገባው 79,580 የን ነው። ይህን ሳያውቅ የመጨረሻው ቀን ላይ ፖስታ ከፍቶ የሚቆጥር ሙዚቀኛ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። አገራችሁ ከጃፓን ጋር የግብር ስምምነት ካላት ቅናሽ ሊኖር ስለሚችል ጋባዡን ጠይቁ። የተቆረጠውን የሚያሳየውን ወረቀትም ተቀበሉ።

2. የሚያዝና የማይያዝ ዕቃ

አምፕሊፋየር አትሸከሙ። የጃፓን ላይቭ ሃውስና የልምምድ ስቱዲዮ ሙሉ ዕቃ ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ። ሮላንድ ጄሲ 120 የሚባለው የጊታር አምፕ ያልገባበት ስቱዲዮ ማግኘት ይከብዳል። ማርሻልም እንደዚያው። ከበሮ መቺው ስኔሩን፣ ፔዳሉንና ሲምባሎቹን ከያዘ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ። ከጃፓን ግድግዳ የሚወጣው 100 ቮልት ነው። መሰኪያው ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ ቻርጀር ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ። «100–240» ካለ የመሰኪያ አዳፕተር ብቻ ይበቃል። 220 ብቻ ካለ ቮልቴጅ የሚያሳድግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እኔ ከእጄ የማይለይ አሮጌ የኤኮ ማሽን አለኝ፣ 220 ብቻ የሚቀበል። ሰካሁት። መብራቷ እንደ ሻማ ደብዘዝ አለች። ድምፅ የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ሬሳ ተሸክሜው ዞርኩ።

ለሙዚቀኛ የበለጠ የሚገርመው ሌላ ነው። የቶኪዮ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ፣ የኦሳካው 60 ኸርዝ ነው። በአንድ አገር! ነገሩ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ጄነሬተር ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ ስለገዙ ነው። ድንበሩ ፉጂ ወንዝ አካባቢ ነው። ለዛሬ ኪቦርድ ይህ ምንም አይደለም። እንደ ድሮው ሃሞንድ ኦርጋን ሞተሩ ከኤሌክትሪኩ ጋር እኩል የሚሽከረከር መሣሪያ ግን ድምፁ ራሱ ይቀየራል። ለ60 ኸርዝ የተሠራው ቶኪዮ ሲሰካ አንድ ተኩል ቶን ይወርዳል። ስለዚህ የድሮ ኦርጋን የምትከራዩ ከሆነ የዘፈኑን ኪ ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ዋየርለስ ማይክ ከቤት አታምጡ። ጃፓን ውስጥ በአየር ሞገድ የሚሠራ ዕቃ የአገሩ የቴክኒክ ማረጋገጫ ምልክት ሊኖረው ይገባል። የሌላ አገሩ ፍሪኩዌንሲ እዚያ ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ሊሆን ይችላል። የቤቱን ተጠቀሙ ወይም በገመድ ዝፈኑ።

መድኃኒት ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ብዙ ቦታ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የጉንፋን ኪኒን፣ ውስጡ ያለው ሱዶኤፌድሪን ከ10 በመቶ ካለፈ፣ ጃፓን ማስገባት ክልክል ነው። ጉሮሮውን የሚፈራ ድምፃዊ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ቁጭ አድርጋችሁ ፈትሹት። ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ የሐኪም መድኃኒት ከሆነ ቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ስለ አደንዛዥ ዕፅ እንኳን አላወራም። ጉብኝታችሁ እዚያው ያበቃል።

እንጨቱ ሮዝውድ የሆነ ጊታር ያለው ሰው እንዳይሸበር። ሮዝውድ ለአደጋ የተጋለጡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ነው፤ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ግን የተጠናቀቀ የሙዚቃ መሣሪያ ከዚህ ነፃ ሆኗል። የብራዚል ሮዝውድ ግን አሁንም ፈቃድ ይፈልጋል፤ የዝሆን ጥርስ ያለበት አሮጌ መሣሪያም እንዲሁ። ከበሮ፣ ክራር ወይም ማሲንቆ የያዘ ደግሞ ስለ ቆዳው አስቀድሞ ይጠይቅ። የእንስሳት ኳራንቲን ጥሬ ቆዳ ላይ ጥብቅ ነው።

3. ከከተማ ከተማ

ከቶኪዮ ኦሳካ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባቡሩ መሀል ላይ ባሉ ጣቢያዎች የሚቆመው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። አምስት ሙዚቀኛ ሻንጣና ኬዝ ይዞ በአንድ ደቂቃ መውረድ ማለት ወታደራዊ ዘመቻ ነው። መውረጃችሁ ሲቃረብ ቀድማችሁ በሩ ጋ ቁሙ። ሦስቱ ጎኑ ተደምሮ ከ160 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ሻንጣ በዚህ መስመር ቦታው ቀድሞ መያዝ አለበት። ካልተያዘ 1,000 የን ያስከፍላል። የሙዚቃ መሣሪያ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ቢሆንም ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ያለችውን ክፍት ቦታ የሚያሰጠውን ወንበር ያዙ፣ ኬዛችሁን ጉልበታችሁ ላይ አታቅፉም።

ከዚህ የሚሻለው ግን ዕቃውን መላክ ነው። ታክዩቢን ይሉታል። ለሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ትሰጣላችሁ፣ በማግስቱ ኦሳካ ሆቴላችሁ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ድመት ልጇን በአፏ ይዛ የሚያሳይ ምልክት ያለበት መኪና ካያችሁ ያማቶ ነው፤ አገልግሎቱን በ1976 የጀመረው እሱ ነው። ልብ በሉ፣ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር የሚክሱት እስከ 300 ሺህ የን ነው። ከዚያ በላይ የሚያወጣውን በእጃችሁ ያዙ። እኛ መቆሚያውን፣ ኬብሉን፣ የሚሸጠውን ቲሸርት ሁሉ ልከን እጃችንን እያወዛወዝን ነው የሄድነው። መንገድ ላይ የመውረድ ሐሳብ የመጣልንም እጃችን ባዶ ስለነበረ ነው።

ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ ስትሄዱ ትኬት ስትቆርጡ ኢ የሚለውን ወንበር ጠይቁ። በቀኝ በኩል የመስኮት ነው። ከተነሳችሁ አርባ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ሲሆን፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ፉጂ ተራራ ሙሉውን ይታያል።

4. የኮንሰርቱ ቀን

ላይቭ ሃውስ ማለት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ የኮንሰርት ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ነው፤ ሊፍት አትጠብቁ። ቶኪዮ ውስጥ ሺሞኪታዛዋ፣ ኮኤንጂና ሺቡያ በእነዚህ ቤቶች የሞሉ ሰፈሮች ናቸው።

ገና ስትገቡ፣ ወይም ቀደም ብሎ በኢሜይል፣ ወረቀት ይሰጣችኋል። በትንንሽ ሳጥን የተከፋፈለ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ርዝመቱ በደቂቃና በሴኮንድ፣ ፈጣን ነው ወይስ ዘገምተኛ፣ ማን ሶሎ ይጫወታል፣ ምን ዓይነት መብራት፣ ድምፃዊው የት ላይ ያወራል። ከታች ደግሞ ማን የት እንደሚቆም የምትስሉበት ባዶ መድረክ አለ። እኔ መብራት የሚለው ሳጥን ላይ «እንደመጣላችሁ» ብዬ አስጻፍኩ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር። መብራት የሚሠራው ልጅ ያንን ወረቀት ይዞ ሦስት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው አስተርጓሚዋ «ይቅርታ፣ ምንም ነገር ካልጻፍክለት መሥራት አይችልም» አለችኝ። በሁለተኛው ከተማ ተማርኩ። «አራተኛው ዘፈን፦ መጀመሪያ ጨለማ፣ ሳክሱ ሲገባ ቀይ፣ ጀምበር ስትጠልቅ እንዳለው» ብዬ አስጻፍኩ። ማታ ሳክስፎኒስቱ ከንፈሩን አስጠግቶ ገና ትንፋሹን ሲስብ ቀዩ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንድ ባር አላለፈውም። ልጁን በዓይኔ ፈለግኩት። ወረቀቱ ላይ አጎንብሷል።

ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻ) ብዙ ጊዜ በተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው። መጨረሻ የሚጫወተው ባንድ መጀመሪያ ይፈትሻል፣ መጀመሪያ የሚጫወተው መጨረሻ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጨረሻው ፈታሽ ዕቃውን መድረክ ላይ እንዳለ ትቶ ይጀምራል። ስለዚህ ዋናው ባንድ እናንተ ከሆናችሁ ስምንት ሰዓት ላይ ትፈትሹና እስከ ማታ ነፃ ናችሁ። ይህቺን ጊዜ አስቀድማችሁ አስቡባት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሳውንድ ማኑን «ዮሮሽኩ ኦነጋይሺማስ» በሉት፣ አደራህን እንደማለት ነው። ስትጨርሱ «ኦትስካሬሳማ ዴስ»፤ ደከማችሁ፣ በርቱ እንደሚባለው። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ብዙ በር ይከፈታል።

ከዚያ ሰዓት። ትኬቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ይጻፋሉ፣ በር የሚከፈትበትና ሙዚቃ የሚጀምርበት። አንድ ሰዓት ከተባለ አንድ ሰዓት ነው። 40 ደቂቃ ከተሰጣችሁም 40 ደቂቃ ነው። የእኛ ችግር ዘፈኖቻችን ሲሞቁ መርዘማቸው ነው። ወረቀቱ ላይ ስድስት ደቂቃ ያልነው አሥራ ሁለት ሆነ፣ ከኋላችን ያለው ባንድ ሁለት ዘፈን ቀነሰ። ማንም አልተናገረንም። ኋላ ላይ ያ ባንድ በር ላይ ቆሞ ሲያመሰግነን መሬት ብትከፈት እንገባ ነበር። ልምምድ ላይ በስልካችሁ ለክታችሁ እውነተኛውን ደቂቃ ጻፉ።

የሌላ ሰው ዘፈን የምትጫወቱ ከሆነ ርዕሱንና ደራሲውን በትክክል ስጡ፤ ቤቱ የቅጂ መብት ክፍያ ያለበት ስለሆነ ነው የሚጠይቃችሁ።

5. ዝም ያለ ታዳሚ

የመጀመሪያውን ዘፈን ስንጨርስ ሞቅ ያለ ጭብጨባ መጣ። ከዚያ ቆመ። አንድ ላይ፣ በቢላ እንደተቆረጠ። ዝንብ ብትበር ትሰማለች። ቤዚስቱ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ «አልወደዱንም» አለኝ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን እንዳያመልጣቸው ነው ዝም የሚሉት። ይህን ካወቃችሁ ዝምታውን ተጠቀሙበት። ቀስ ያለውን ዘፈን አትፍሩ። ኪቦርድ ላይ ጣቴን አንስቼ ኖታው እስኪሞት የጠበቅኩበትን ኮንሰርት ሌላ ቦታ አላስታውስም።

ሌላም ምክር አለኝ፣ ይህኛው ለእኛ ብቻ ነው። ትዝታን ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡ። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት ቅኝት አላቸው። ዮ አራት ነው፣ ና ሰባት፣ ኑኪ ማውጣት። ከሜጀር ስኬል አራተኛውና ሰባተኛው ሲወጣ የሚቀሩት አምስቱ ልክ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ማይነሩም ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። ኤንካ የሚባለው የትካዜ ዘፈናቸው በብዛት የሚሄደው በዚህ ነው። ትዝታን ስንጫወት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከመቀመጫቸው ወደ ፊት አዘነበሉ። በኋላ በአስተርጓሚ መጥተው «ይህን ዘፈን የማውቀው ይመስለኛል፣ ግን አላውቀውም» አሉ። እኔ ምን ልጨምር?

6. ከመድረክ ስትወርዱ

ሲዲና ቲሸርት የሚሸጠው ከኮንሰርቱ በኋላ ነው፤ ሰው የሚቆየው እናንተን ለማግኘት ስለሆነ ራሳችሁ ጠረጴዛው ጋ ቁሙ። ዋጋውን ክብ አድርጉት፣ 1,000፣ 2,000፣ 3,000 የን፣ ዝርዝርም አዘጋጁ። ብሩን ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በትንሽ ትሪ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ለሽያጭ የሚገባ ዕቃ መሆኑን ግን ጉምሩክ ላይ ሳትደብቁ አስመዝግቡ።

የመልበሻ ክፍሉን እንዳገኛችሁት ትታችሁ ውጡ። ቆሻሻ መጣያ መንገድ ላይ ስለማይገኝ ያልጨረሳችሁት ጠርሙስ ሆቴል ድረስ ይከተላችኋል። ጉርሻ አይሰጥም። አንዴ ጠረጴዛ ላይ ትተን ስንወጣ አስተናጋጇ «ረሳችሁ» ብላ መንገድ ድረስ ሮጣ መለሰችልን።

የማታው መጨረሻ «ኡቺያጌ» ነው፣ ባንዶቹና ሠራተኞቹ አብረው የሚበሉበትና የሚጠጡበት። አትቅሩ። ቀጣዩ ግብዣ የሚወለደው እዚያ ነው። ለራሳችሁ አትቅዱ፤ ለጎረቤት ቅዱ፣ እሱ ለእናንተ ይቀዳል። ባቡሩ ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ያቆማል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓትም አይመለስም። ታክሲ ኪስ ይቀዳል።

7. አገሩን በጆሮ ማየት

ቱር ላይ ያለ ሙዚቀኛ እንደ ቱሪስት አሥር ቦታ ልዞር ቢል አይችልም። ማታ ሥራ አለ፣ ጠዋት ድካም አለ። የእኔ ዘዴ በቀን አንድ ነገር ብቻ መምረጥና የሚሰማ ነገር ያለበትን ማስቀደም ነው።

ቶኪዮ ላይ ከሳውንድ ቼክ በፊት አንድ ሰዓት ካላችሁ ያማኖቴ መስመር ላይ ተሳፈሩ። 30 ጣቢያ ያለው ክብ መስመር ነው፣ አንድ ዙር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በብዙዎቹ ጣቢያዎች በሩ ሊዘጋ ሲል የምትጫወት የራሷ አጭር ዜማ አለች። ከበሮ መቺያችን በስልኩ ቀድቶ ሆቴል ሲገባ እየመታ ይለማመድባቸው ነበር። ገንዘብ ያላችሁ ኦቻኖሚዙ ውረዱ፣ መንገዱ በሙሉ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነው፤ ገንዘብ የሌላችሁ አትውረዱ። ለቱሪስት የሚደረገው የ10 በመቶ የሽያጭ ታክስ ነፃ ግን በአርቲስት ቪዛ የገባውን አይመለከትም። ካሸር ፊት ቆሜ ነው ያወቅኩት።

ሲደክማችሁ «ጃዝ ኪሳ» ፈልጉ። ቡና እየጠጡ ሸክላ የሚሰማባቸው ቤቶች ናቸው። ስፒከሩ ቁም ሳጥን ያክላል። ወሬ አይበረታታም። ለደከመ ጆሮ ከመኝታ ይሻላል።

ቶኪዮና ኦሳካ መሀል ሃማማትሱ አለች። ኖዞሚ የሚባለው ፈጣኑ ባቡር ስለማይቆምባት ሂካሪ ወይም ኮዳማ ያዙ፤ ሂካሪም ሁሌ አይቆምባትም። ያማሃ፣ ካዋይና ሮላንድ መቀመጫቸው እዚህች ከተማ ነው። ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ በ1995 የተከፈተ የሙዚቃ መሣሪያ ሙዚየም አለ፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰበ። መሣሪያው ፊት የተንጠለጠለውን የጆሮ ማዳመጫ ታደርጉና ድምፁን ትሰማላችሁ። መሣሪያ በእጅ የሚነካበት ክፍልም አለው፣ ሙዚቀኛ ከዚያ ክፍል በልመና ነው የሚወጣው። ሦስት ሰዓት መድቡለት።

ኪዮቶ ላይ ኒጆ ግንብ ግቡ። በ1603 የቶኩጋዋ ሾጉን ያሠራው ነው። ጫማ አውልቃችሁ በካልሲ ስትራመዱ የኮሪደሩ ሳንቃ ወፍ ይመስል ይጮሃል። ሥሩ ያሉት ምስማርና መያዣ ብረቶች እየተፋተጉ ነው። ሰው ሲበዛ ድምፁ ይደበላለቃል፣ ስለዚህ በር ሲከፈት የመጀመሪያ ሁኑ። በተረከዝና በጣት ስትረግጡ ድምፁ ይለያያል። ካሜራ አይፈቀድም።

እንቅልፍ ያጣችሁ ከሆነ ደግሞ ፉሺሚ ኢናሪ አለላችሁ። ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ቀይ በሮች ተራራውን ይወጣሉ። ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ነው። በመጀመሪያው ባቡር ሂዱ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ከሰው ትከሻ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ሙሉ የእረፍት ቀን ካገኛችሁ ግን ኦሃራ ሂዱ። ከኪዮቶ ጣቢያ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ተራራ ውስጥ ያለች መንደር። የቡድሂስት መነኮሳት ዜማ፣ «ሾምዮ» የሚሉት፣ ማዕከሉ እዚያ ነበር። ሳንዜን-ኢን የሚባለውን ገዳም ግራና ቀኝ የሚያዋስኑት ሁለት ትንንሽ ወንዞች ስማቸው ሪዮና ሪትሱ ነው። ሁለቱም የቅኝት ስሞች ናቸው። እስቲ አስቡት፣ ወንዛቸውን በቅኝት ስም የጠሩ ሰዎች! ወደ ላይ ጥቂት ስትወጡ «ድምፅ የለሹ ፏፏቴ» የሚባል አለ። ሪዮኒን የተባለ መነኩሴ እዚያ ዜማ ሲለማመድ ድምፁ ከውኃው ጋር አንድ ስለሆነ ፏፏቴው መሰማቱን አቆመ ይላል አፈ ታሪኩ። እኔ ስደርስ ውኃው ይሰማ ነበር።

እዚያው ቅርብ ሆሰን-ኢን የሚባል ትንሽ ገዳም አለ። የመግቢያ ክፍያው አረንጓዴ ሻይን ይጨምራል። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣችሁ ከጠጣችሁ በኋላ ደጁ ላይ የቆሙትን ሁለት የቀርከሃ ቱቦዎች ፈልጉ። ሥራቸው መሬት ውስጥ የተደፋ የሸክላ ማሰሮ አለ። ውኃው በቀዳዳው ጠብ ሲል ማሰሮው ውስጥ ይደወላል። ጆሮአችሁን ቱቦው ላይ አስጠጉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ጠብታ፣ ቀጥላ ከፍ ያለች ሌላ ጠብታ። ሪትም የላትም፣ እናንተም አትቁጠሩ። እኔ አጎንብሼ ስቆይ ከኋላዬ ተራ የያዙ ሦስት አሮጊቶች ነበሩ፣ አንዳቸውም «በቃህ» አላሉኝም።

በጥቅምትና በኅዳር፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ ከኦሃራ የሚመለሰው አውቶቡስ ጢም ብሎ ይሞላል። ሥራ ባለበት ቀን አትሞክሩት። ሌላው ቀርቶ በእረፍት ቀንም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፌርማታው ላይ ቁሙ፣ ሆቴል የሚጠብቃችሁ የሚታሸግ ዕቃ አለ፤ በታክዩቢን ወደ አየር ማረፊያ የሚላክ ኬዝ ደግሞ ከበረራው ሁለት ቀን በፊት መውጣት አለበት።